የአሎሎው እኩልታ ለምን −1.25 አለ? ሦስቱ መልኮችስ ለምን አስፈለጉ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ኮምቦልቻ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለክፍል ፕሮጀክት አንድ ልጅ አሎሎ ሲወረውር ከጎን በስልክ ቀረጽነው። አሎሎው ከእጁ ሲወጣ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፤ ከፍ ያለው እስከ 5 ሜትር፣ የወደቀው 10.8 ሜትር ርቆ ነው። ከቪዲዮው ላይ ጊዜውን አንብበን ቁ = −1.25ጊ² + 4ጊ + 1.8 አገኘን፤ ቁ ቁመቱ በሜትር፣ ጊ ጊዜው በሰከንድ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ግን ‹ፊት ላይ ያለው ቁጥር 5 አካባቢ መሆን ነበረበት› አሉን። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 16 አየሁ። ስንፈታው 3.6 እና −0.4 መጣ፤ −0.4ን ሰረዝነው። ሌላው ጥያቄዬ፣ ስታንዳርድ፣ ቨርቴክስ፣ ፋክተርድ እያሉ ሦስት ጊዜ የሚያስተምሩን ያንኑ አንድ ነገር ከሆነ ለምንድን ነው? የትኛውን ልጠቀም?»

እህቴ፣ አብሽሪ፣ ሥራችሁ አልተበላሸም። የላክሽው እኩልታ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱ የት እንደገባ ግን እኩልታው ራሱ ይናገራል። ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። «ሦስቱ ፎርም ለምን?» የሚለኝ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ የራሱን ልኬት ይዞ የሚመጣ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እመልስልሻለሁ።

መምህራችሁ ካሉት 5 ልጀምር። ወደ ላይ የተወረወረ ነገር፣ አየሩ ብዙ ካልያዘው በቀር፣ ወደ ላይ ያለው ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ጣሪያው ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ በዚያው መጠን ወደ ታች እየጨመረ ይሄዳል። ከዜሮ ተነሥቶ በእኩል የሚያድግ ፍጥነት አማካዩ የመጨረሻው ግማሽ ነው። ስለዚህ የሚወድቅበት ርቀት የ9.8 ግማሽ፣ ማለትም 4.9፣ በጊዜው ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል። ከጊ² ፊት የሚቆመው ይህ 4.9 ነው፤ ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ ስላደረግን ስበቱ ነጌቲቭ ምልክት ይይዛል። ስበቱን ወደ 10 ለሚያጠጋጋ ሰው −5 ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ ያየሽው 16ም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ከፍታን በሜትር ሳይሆን በጫማ የሚለኩ ሰዎች የጻፉት ነው፤ 9.8 ሜትር 32 ጫማ ያህል ስለሆነ ግማሹ 16 ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ሜትርና ሰከንድ እስከተጠቀምሽ ድረስ ይህ ቁጥር በወርዋሪው ጉልበት አይለወጥም፤ በአሎሎው ክብደትም፣ በአወራወሩም አይለወጥም። በእኛ አካባቢ ስበቱ 9.78 ገደማ ስለሆነ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ −4.9 ማለት ይበቃል። ስለዚህ ከቪዲዮ የምታወጪው እኩልታ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ የምትመረምሪው ከጊ² ፊት ያለውን ቁጥር ነው። ከ4.9 ከራቀ ወይ ሜትራችሁ ወይ ሰዓታችሁ ተሳስቷል።

የእናንተው 1.25 ነው፤ ልክ የ5 ሩብ። ሩብ መሆኑ ወዲያውኑ አንድ ነገር ጠቆመኝ። ጊዜ በእኩልታው ውስጥ የሚገባው በስኩዌር ስለሆነ፣ ጊዜውን እጥፍ አድርጎ ያነበበ ሰው ቁጥሩን በአራት ያሳንሰዋል። ስልካችሁ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጾ በሰከንድ 30 እያደረገ አጫውቷችሁ መሆን አለበት። ብዙ ስልክ ዘገም ያለ ቪዲዮ ሲቀርጽ እንዲህ ያደርጋል፤ ለዓይን ያምራል፣ ሰዓቱ ግን እውነተኛው ሰዓት አይደለም። ሌላም ማረጋገጫ አለ። ከ5 ሜትር ላይ የተለቀቀ ነገር መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በእናንተ እኩልታ ግን አሎሎው ጣሪያው ላይ የደረሰው በ1.6 ሰከንድ፣ የወደቀው በ3.6 ሰከንድ ነው፤ ከ5 ሜትር ለመውረድ ሁለት ሰከንድ ፈጀ ማለት ነው። ይህ በምድር ላይ አይሆንም።

ስለዚህ የእናንተ ጊዜ የእውነተኛው እጥፍ ከሆነ፣ በጊ ቦታ 2ጊ አስገቢ፦

ቁ = −1.25(2ጊ)² + 4(2ጊ) + 1.8
ቁ = −5ጊ² + 8ጊ + 1.8

መምህራችሁ ያሉት 5 መጣ። 4.9 ሳይሆን 5 መሆኑ አያስጨንቃችሁ፤ በስልክ ለተለካ ነገር የሁለት በመቶ ልዩነት በጣም ጥሩ ውጤት ነው። «መጽሐፉ 4.9 ይላል» ብላችሁ አትቀይሩት። 8ንና 1.8ን እንዳሉ ትታችሁ 4.9 ብታስገቡ መውደቂያው 11 ሜትር ይመጣል፤ ሜትሩ ያሳየው ግን 10.8 ነው። የለካችሁትን ጻፉ፣ ልዩነቱንም አብራችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ፎርሞች። ይኸው የእናንተ ውርወራ በሦስት መልኩ፦

ቁ = −5ጊ² + 8ጊ + 1.8
ቁ = −5(ጊ − 0.8)² + 5
ቁ = −5(ጊ − 1.8)(ጊ + 0.2)

ብታበዣቸው አንድ ናቸው። የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ቦታ ነው። ስታንዳርዱ ስለ ልጁ እጅ ይናገራል፤ 1.8 አሎሎው የተለቀቀበት ከፍታ፣ 8 ደግሞ በተለቀቀበት ቅጽበት ወደ ላይ የነበረው ፍጥነት ነው። ቨርቴክሱ ስለ ጣሪያው ይናገራል፤ በ0.8 ሰከንድ፣ 5 ሜትር ላይ። ፋክተርዱ ስለ መሬቱ ይናገራል፤ በ1.8 ሰከንድ ወደቀ። «የትኛውን ልጠቀም?» ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው፦ ሜትርሽን ይዘሽ የቆምሽው የት ነው? እጁ ዘንድ ሆነሽ የለካሽ እንደሆነ በስታንዳርዱ ጀምሪ። ጣሪያውን ያወቅሽ እንደሆነ በቨርቴክሱ ጀምሪ፣ መነሻና መውደቂያውን ያወቅሽ እንደሆነ በፋክተርዱ። ከዚያ ልታውቂው ወደምትፈልጊው ቦታ ቀይሪው።

ቨርቴክሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚያ ነው። ከስታንዳርድ ለመቀየር −5ን ከሁለቱ አውጪ፤ −5(ጊ² − 1.6ጊ) + 1.8 ይሆናል። የ1.6 ግማሽ 0.8፣ ስኩዌሩ 0.64 ነው፤ እሱን ቅንፉ ውስጥ ጨምሪ። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተማሪው «0.64 ጨምሬያለሁ፣ ስለዚህ 0.64 ልቀንስ» ይላል። ነገር ግን ቅንፉ ፊት −5 ቆሟል፤ ስለዚህ የጨመርሽው 0.64 ሳይሆን −3.2 ነው። ለማካካስ ውጭ 3.2 ትጨምሪያለሽ፤ 3.2 እና 1.8 አምስት ይሆናሉ፣ ጣሪያውም እሱ ነው። 5 ከፍተኛው መሆኑን ለማወቅ ግራፍ መሳል እንኳ አያስፈልግሽም። ስኩዌር የሆነ ነገር ከዜሮ በታች አይወርድም፤ በ−5 ሲባዛ ከዜሮ በላይ አይወጣም፤ እንግዲህ ቁመቱ ከ5 ሊያልፍ አይችልም። እኔ በዚህ አጭር ማስረጃ ውበት እስከ ዛሬ እደሰታለሁ።

አንድ የፊደል ጣጣም አለ። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ከፍታን የሚወክለው ፊደልና በቨርቴክስ ፎርም ቅንፍ ውስጥ የሚገባው ፊደል ሁለቱም «ኤች» ናቸው። ቅንፍ ውስጥ ያለው ኤች ከፍታ አይደለም፤ ጣሪያው የተደረሰበት ጊዜ ነው፣ በእናንተ 0.8። ከፍታው ውጭ ያለው «ኬ» ነው። ፈተና ላይ በዚህ ብቻ ነጥብ ያጡ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ።

ወደ ሰረዛችሁት ቁጥር እንመለስ። በተስተካከለው ሰዓት −0.4 ሳይሆን −0.2 ነው። ጀማሪ መምህር ሳለሁ «ጊዜ ነጌቲቭ አይሆንም፣ ሰርዙት» እያልኩ አስተምር ነበር፤ ዛሬ እንዲህ በማስተማሬ አዝናለሁ። እኩልታው ልጁን አያውቀውም። እጁ 1.8 ሜትር ላይ እንደለቀቀው፣ መሬቱ ላይ ሲደርስ እንደሚቆም፣ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው መንገዱን ብቻ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘረጋዋል። −0.2 የሚለው፣ «ይህ አሎሎ በዚሁ መንገድ ከመሬት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ መሬቱን የሚለቀው ልጁ ከመልቀቁ 0.2 ሰከንድ ቀደም ብሎ ነበር» ነው። የጥያቄሽ መልስ አይደለም፤ ጥቅም ግን አለው። 1.8ን እና −0.2ን ደምረሽ ለሁለት ብታካፍዪ 0.8 ይመጣል፣ ጣሪያው የተደረሰበት ጊዜ። ሁለቱ ዜሮዎች ሁልጊዜ ከጣሪያው በእኩል ይርቃሉና። መጀመሪያ ተጠቀሚበት፣ ከዚያ «ጊ ከ0 እስከ 1.8 ብቻ» ብለሽ ወሰኑን ጻፊ። ያንን ወሰን መጻፍ የሥራው አካል ነው፤ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ እኩልታው አሎሎውን መሬት ውስጥ ያስገባዋል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰዓት ነው። ሰዓት የሌለበት ሌላ እኩልታም አለ፣ እሱ ደግሞ ለእናንተ መልካም ዜና ይዟል። አሎሎው ወደ ፊት የሚሄደው ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ነው፤ 10.8 ሜትርን በ1.8 ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 6 ሜትር። አግድሙን ርቀት ር ብትዪው ር = 6ጊ ነው። በጊ ቦታ ር/6 ስታስገቢ፦

ቁ = −(5/36)(ር − 10.8)(ር + 1.2)

ይህ አሎሎው በአየር ላይ የሣለው ቅስት ራሱ ነው፤ ጣሪያው ከእጁ በአግድም 4.8 ሜትር ርቀት ላይ ይውላል። በተሳሳተው ሰዓታችሁ ብትሠሩትም ይኸው እኩልታ ይመጣላችሁ ነበር፤ 3.6 ሰከንድ፣ በሰከንድ 3 ሜትር፣ ያው 10.8። ሥዕላችሁ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው ሰዓቱ ብቻ ነው። ወደ ፊት እኩል የሆነ ጉዞና ወደ ታች እየፈጠነ የሚሄድ ውድቀት ሲጣመሩ ፓራቦላ እንደሚሆን ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. አሳትሞ አሳይቷል። እናንተም ሜዳ ላይ ያያችሁት ይህንኑ ነው።

አሁን ስለ አለካኩ። «ጣሪያው መቼ ተደረሰ?» ብላችሁ ከቪዲዮው በዓይን አትፈልጉ። ጣሪያው አካባቢ አሎሎው የቆመ ያህል ነው፤ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከጣሪያው የሚወርደው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በስልክ ቪዲዮ ላይ ይህን መለየት ያስቸግራል። ይልቅ አሎሎው ሲወጣና ሲወርድ በአንድ ከፍታ ያለፈባቸውን ሁለት ቅጽበቶች አንብቡ። በእናንተ ውርወራ 3.75 ሜትርን ሲወጣ በ0.3፣ ሲወርድ በ1.3 ሰከንድ ያልፋል። አማካዩ 0.8 ነው። እዚያ አሎሎው ፈጣን ስለሆነ ቅጽበቱን መለየት ቀላል ነው።

እነዚህን ሁለት ነጥቦች ከመነሻው ጋር ከያዛችሁ ስታንዳርዱን ያለ ምንም የፊዚክስ ቀመር ማውጣት ትችላላችሁ። ቁ = ሀጊ² + ለጊ + ሐ በዪ። መነሻው ሐ = 1.8 ይሰጣል። ሁለቱ ነጥቦች 0.09ሀ + 0.3ለ = 1.95 እና 1.69ሀ + 1.3ለ = 1.95 ይሰጣሉ። ሲፈታ ሀ = −5፣ ለ = 8። የመሬትን ስበት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በስልክ ለካችሁት ማለት ነው! ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ይህን ክፍል ከሁሉ በፊት አስቀምጡት እላለሁ።

ስልኩ ደግሞ ከውርወራው አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ራቅ ብሎ፣ ሳይነቃነቅ ይቁም። 2 ሜትር የሆነ እንጨት አሎሎው በሚያልፍበት መስመር ላይ አቁማችሁ ቅረጹ፤ እንጨቱ ወደ ስልኩ ከቀረበ ሜትራችሁ ይሳሳታል። ያኔም ከጊ² ፊት ያለው ቁጥር ያጋልጣችኋል።

ሜዳው ደልዳላ ባይሆንስ? ይህን የማነሣው ደሴ ስለምኖር ነው፤ ጦሳ ሥር ያደገ ልጅ ኳስ ከመልመዱ በፊት ቁልቁለት ይለምዳል። ሜዳው በየ6 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ በእናንተ ውርወራ የመሬቱ ከፍታ −ር/6፣ ማለትም −ጊ ይሆናል። አሎሎው መሬት ሲነካ ሁለቱ ይተካከላሉ፦

−5ጊ² + 8ጊ + 1.8 = −ጊ
−5ጊ² + 9ጊ + 1.8 = 0

የቀድሞዎቹ ዜሮዎች አይሠሩም፤ ፋክተርዱ የሚያውቀው ደልዳላውን መሬት ብቻ ነበርና። እንዲህ ሲሆን ስታንዳርዱና የኳድራቲክ ቀመሩ ያድኑሻል። ጊ = 1.98፣ ርቀቱ 11.9 ሜትር ያህል። ያው ልጅ፣ ያው ጉልበት፣ በቁልቁለቱ ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ተጨመረለት። በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ደንብ የአሎሎ መውደቂያ ሜዳ በውርወራው አቅጣጫ ከ1000 አንድ በላይ እንዳያዘቀዝቅ የተወሰነው ለዚህ ነው።

ልጁ የወረወረበትም ማዕዘን አሳስቦኛል። ወደ ላይ 8፣ ወደ ፊት 6 ነው፤ ጠቅላላ ፍጥነቱ 10፣ ማዕዘኑ 53 ዲግሪ ያህል። ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ልኮታል። በመቅደላ አምባ ላይ ያለው፣ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል እንዲህ ከፍ አድርጎ ለመወርወር የታሰበ ነው፤ አሎሎ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ብታቀያይሪያቸው፣ ወደ ላይ 6 ወደ ፊት 8 ብታደርጊ፣ ቁ = −5ጊ² + 6ጊ + 1.8 ይሆናል። የሚወድቀው በ1.45 ሰከንድ ነው፤ ርቀቱ 11.6 ሜትር። በአየር ላይ የቆየው ባነሰ ጊዜ ቢሆንም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቋል።

«45 ዲግሪ ነው የሚርቀው» የሚለው ደንብ የሚሠራው መነሻና መውደቂያ በእኩል ከፍታ ሲሆኑ ነው። አሎሎ ከ1.8 ሜትር ተነሥቶ መሬት ላይ ስለሚወድቅ፣ በዚህ ፍጥነት የተሻለው ማዕዘን 40.6 ዲግሪ ያህል፣ ርቀቱም 11.66 ሜትር ነው። ጥሩ አሎሎ ወርዋሪዎች ከዚህም ዝቅ አድርገው ይለቃሉ፤ ክንድ ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ላይ ከሚገፋው ይልቅ ጉልበት ያወጣልና። ይህን ለልጁ ንገሪው፤ ነገ ሊሞክረው ይችላል።

አየሩን በተመለከተ አጭር ልሁን። አሎሎ ትንሽና ከባድ ስለሆነ፣ በዚህ ፍጥነት አየሩ የሚይዝበት ኃይል ከክብደቱ አንድ በመቶ አይሞላም። ፓራቦላው ይሠራል። እግር ኳስ ወይም መረብ ኳስ መርጣችሁ ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ አያምርም ነበር። ኳስ ሰፊና ቀላል ነው፤ በኃይል ሲመታ የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር ይወዳደራል፣ መውረጃውም ከመውጫው ይልቅ ቁልቁል ይሆናል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ይሳሳል፤ በሐረጎ መንገድ ወጥቶ እዚህ የሚጫወት ቡድን ኳሷ ትንሽ ራቅ ብላ ብታገኘው አይገርመኝም። ለአሎሎ ግን ልዩነቱ በሜትራችሁ ላይ አይታይም።

እንግዲህ ከማስረከባችሁ በፊት የቀሯችሁ ሁለት ነገሮች ናቸው። ቪዲዮውን በፍሬም ቁጥር እንደገና አንብቡ፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ፣ አሎሎው ከእጁ ከወጣበት እስከወደቀበት 108 ፍሬም ያህል መቁጠር አለባችሁ። ሁለተኛው፣ 10.8 ሜትሩን ከየት ጀምራችሁ ለካችሁ? በውድድር የሚለካው ወርዋሪው ከሚቆምበት ክብ የፊት ጠርዝ ውስጠኛ ጎን ነው፤ በእኩልታው ግን ዜሮ ያደረግነው እጁ የለቀቀበትን ነጥብ ነው፤ የወርዋሪ እጅ ደግሞ ሲለቅ ብዙ ጊዜ ከጠርዙ አልፎ ይገኛል። እጁ 30 ሴንቲ ሜትር አልፎ ከነበረ፣ ለእኩልታው የሚገባው ር 10.5 ነው፣ የወደ ፊት ፍጥነቱም 6 ሳይሆን 5.83 ይሆናል። ከቪዲዮው ላይ እጁና ጠርዙ ምን ያህል እንደሚራራቁ በዚያው በ2 ሜትሩ እንጨት ለኩት።

ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን የፍሬም ቁጥር ላኪልኝ፤ 108 ካልሆነ አብረን እናየዋለን።